አንዲት «ተ»

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲቆርጥ ከመስመር ዝንፍ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ብድግ ብሎ የገዛ ጣቶቹን ይቆርጣል?

አራሚዋ እጅ የገባው የአደጋ ሪፖርት ግን እንደዚያ ይላል፤ «ሠራተኛው በራሱ ቸልተኝነት አራት ጣቶቹን ቆረጠ።» ያመጣላት የማተሚያ ቤቱ የፈረቃ ኃላፊ ነው። ጠረጴዛዋ ጥግ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ፊደሉን ብቻ እዪልኝ፣ እህቴ። ሥራ አስኪያጁ ከምሳ በፊት ሊፈርምበት ነው።»

ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች። ቆራጩን፣ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሚሊሜትር» ይለዋል። ትናንት እጁን በፎጣ ጠቅልላ እስከ መኪናው ደግፋ የወሰደችው እሷ ናት። እሱ ግን ሕመሙን ትቶ፣ «ወረቀቱን አበላሸሁት እንዴ?» ይላት ነበር።

«አንድ ፊደል ጎድሏል» አለች።

«የቱ ላይ?»

«‹ቆረጠ› የሚለው ላይ። ‹ተ› ይጨመርበት። ጣቶቹን ተቆረጠ።»

ኃላፊው ሳቅ ሞከረው። «አንቺ ደግሞ! ተቆረጠ ካልን ማን ቆረጠው ሊሉን አይደል?»

«ይበሉዋ!»

«ስሚኝ፣» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ማሽኑ ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱንም በሁለት እጅ ካልተጫኑ ምላጩ አይወርድም። እሱ በአንድ እጁ ነበር የሚሠራው። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አንደኛውን ቁልፍ ተጭናችሁ በፕላስተር አሽጋችሁት ነዋ! ሥራው ይፍጠን ብላችሁ። በቸልተኝነት ከተባለ እኮ ይባረራል። በየትኛው እጁ ሌላ ሥራ ሊይዝ ነው?»

«ለምን ይፍጠን የተባለ መሰለሽ?» ፊቱ ተለዋወጠ። «ትናንት ሲቆርጠው የነበረውን መጽሐፍ ሁለት ቀን የያዝሽው አንቺ አይደለሽ? ለነጠላ ሰረዝ ስትይ!»

አራሚዋ ሌሊቱን ሙሉ ለራሷ ስትለው ያደረችውን አሁን ከሰው አፍ ሰማችው። ገጾቹን ሦስቴ ያነበበችው እሷ ናት። የባከነውም ሁለት ቀን የተካሰው መቁረጫው ላይ ነው።

«የእኔንም ጻፈው» አለች። «አራሚዋ አዘገየች በል። ስሜንም አስገባ። ቁልፉን ግን እኔ አላሸግኩትም።»

«ተ»ዋን በቀይ ጻፈች። ኃላፊው ሊነጥቃት እጁን ሲዘረጋ ወረቀቱን ይዛ ተነሳችና ወደ ማሽኖቹ አዳራሽ ወጣች።

ሠራተኛው ለሻይ እረፍት ማሽኖቹን አጥፍቶ በየጥጉ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ መቁረጫው አጠገብ ቆሞ ለአዲስ ቆራጭ ያስረዳል፤ «ሁለቱንም ቁልፍ በሁለት እጅህ፣ እንዲህ።» ቀረብ ብላ አየች። ፕላስተሩ የለም። ሙጫው እንኳ በቤንዚን ተጠርጎ ቁልፉ ያብረቀርቃል።

የቆራጩን ወንበር ደገፍ አለች፤ አዲሱ ሰው ገና አልተቀመጠበትም።

ሥራ አስኪያጁ ዞር አለ። «ምነው፣ እመቤት? ችግር ካለ ቢሮ እንነጋገር።»

«ቢሮ አልገባም!» አለች። «ይህን ቁልፍ ያሳሸገው ማነው? ዛሬ ጠዋትስ ማን አስጠረገው? እዚሁ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ!»