ብረት የሌለበት ቤት
ከማህፀን በር ካንሰር የዳነች ሴት ሁሉ በየወሩ ቤቷ ውስጥ በኤምአርአይ እንድትመረመር ሕግ ከወጣ ወዲህ የይታይሽ ቤት ብረት አያውቅም። የማሽኑ ማግኔት ብረት ስለሚስብ የበሩ ቁልፍ እንኳ ተነቅሎ በእንጨት መወርወሪያ ተተክቷል። ማሽኑ ውስጥ ተንቀሳቅሳ ምስሏ የተበላሸባት ሴት ደግሞ ከሕክምና ወረፋ ትሰረዛለች።

በዚያ ሰኞ ይታይሽ ማሽኑ ውስጥ እንደተኛች ባሏ ደምሰው ዱላ ይዞ መጣ። «በሽታውን የሚጠራው ይኼ ማሽን ነው፤ ዛሬ እከሰክሰዋለሁ» እያለ መወርወሪያውን በእርግጫ ሰበረው። ታናሽ እህቷ ጥሩወርቅ ከፊቱ ቆመች።

«እትዬ፣ እንዳትነቃነቂ» አለች።

ይታይሽ ዱላው ሲያርፍ፣ ከዚያም አጥንት ሲሰበር ሰማች። ጥርሷን ነክሳ ተኛች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ እንጂ ጣቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ደምሰው ዱላውን ለአራተኛ ጊዜ ሲያነሳ ጎረቤቶች ደርሰው ጎትተው አወጡት።

ማሽኑ ጨርሶ ሲቆም ጥሩወርቅ የተሰበረ ክንዷን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ደም በደም ሆኗል።

«ምስሉ ወጣ?» ብላ ጠየቀች።

«ወጥቷል። በሽታው ተመልሷል፤ ግን ገና ትንሽ ስለሆነ ይታከማል ይላል» አለች ይታይሽ። ቀና ብላ እህቷን ማየት ግን አልቻለችም።