ከአፕዴቱ በኋላ

ፈቃድ ሳይጠይቅ ራሱን የጫነ አፕዴት የጆዲን ጌም ካንቀራፈፈው ሦስተኛ እሑዱ ነው። ካልጉርሊ ከተማ ማዕድን ከሚያወጣው ወንድሟ ከብሬት ጋር በሳምንት አንዴ በኢንተርኔት የምትጫወትባትን ሰዓት በላባት። ድምፅዋ እንኳ እሱ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነበር። ባሏ ዳረን በጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ፣ ተሰላችታ አፕዴቱን አጠፋችውና መጫወት ጀመሩ።

«አንቺ ኤሊ፣ ዛሬ ፈጠንሽ!» አለ ብሬት በማዳመጫዋ እየሳቀ። «‹በግራ መጡ› ያልሽኝ ገና ሳይመጡ ነው።»

«መቼ አልኩህ?»

ወዲያው የጌሙ ጠላቶች ስክሪኑ ላይ በግራ ብቅ አሉ። «በግራ መጡ!» ብላ ጮኸች።

ብሬት መሳቁን አቆመ።

«ጆዲ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«እየሰማሁሽ እኮ ነው። ዳረንን እየጠራሽ ነው።»

በሩ ተንኳኳ።