የድመቷ ፀጉር

ልጅቷ እርጥብ መዳፏን አልጋ በያዙት እናቷ ትራስ ላይ ጠረግ ስታደርግ፣ ሽበት የመሰለ ፀጉር ተጠቅልሎ መጣ።

«ይቺ ድመት ዛሬም እዚህ ተኛች?» አሉ እናቷ።

«አዎ እማዬ፤ ክረምት ሲወጣ ፀጉሯ ይረግፍ የለ?» አለች፣ እግራቸው ሥር የተጋደመችውን ግራጫ ድመት እያየች።

«በይ ውጪ ጣይው።»

«እሺ» አለች። ሐሳቧ ግን ቸርችል ጎዳናን ወርዳ፣ ፋርማሲውን ሁሉ አዳርሳ ካጣችው የካንሰር መድኃኒት ላይ ነበርና፣ እጇ በልማድ ፀጉሩን ድብልብል አድርጎ ከጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቀው። የሰው ፀጉር ሜዳ ላይ እንደማይጣል፣ እዚያ እንደሚደበቅ ከልጅነቷ ያስተማሯት እናቷ ነበሩ።

እናቷ ስንጥቁን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ድመቷን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ጀርባዋን እየዳበሱ፣

«ያንቺስ ተመልሶ ይበቅላል» አሏት።