ኩልል ያለው ውሃ

ከተማው ፍሳሹን በኤሌክትሪክ ማጣራት ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። ገንዳው ውስጥ በተደረደሩት ብረቶች ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ጥቁሩ ውሃ ያለ እሳት ይፈላል። ቆሻሻው እየጓጎለ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ኩልል ያለ ውሃ በቱቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ያለ እሳት የሚፈላው ውሃ ወሬ የወንዝ ዳሩን ሰፈር አዳረሰ። ዛሬ ጠዋት ሰዉ ጄሪካን ይዞ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ቱቦው ሥር ተሰለፈ።

የማሽኑ ተቆጣጣሪ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ።

“ወገኖቼ፣ ጠበል አይደለም! የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው! ቢጠራም ለመጠጥ አይሆንም!”

“አንተን ደግሞ ማን ቄስ አደረገህ?” አሉት አንድ አዛውንት።

ከፊት ያለችው ሴት ሕፃን ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻትና በጣሳ ቀዳች። ሕፃኗ በተቅማጥ ደርቃ አንገቷን ማቅናት አቅቷታል። ተቆጣጣሪው እግሯ ሥር ወደቀ።

“እህቴ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ! እኔም እጾማለሁ፤ እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ይሄንን ግን አታጠጫት፣ ትሞትብሻለች!”

ሴትዮዋ ጣሳውን ሳትለቅ አየችው።

“ጠበል አለመሆኑንማ አውቃለሁ፣ ወንድሜ” አለችው ቀስ ብላ። “እኛ ከወንዙ ታች ያለነው ግን እስካለፈው ሳምንት ስንጠጣ የኖርነው ያልተጣራውን ነው።”