ስድስተኛው አስተያየት

ለአንድ ሰው በቃልም በጽሑፍም በቀን አምስት አስተያየት ብቻ ከተፈቀደና ስድስተኛው ከጉሮሮ አልወጣም ማለት ከጀመረ ወዲህ፣ ድንበሩ ተካን የሚያህል አባካኝ በአገሩ አልታየም፤ እሱ እንደሚለው በአህጉሩም። እሑድ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ አምስቱንም በቴክኖሎጂ ዜና ጨረሳቸው። እንደ መሐረብ የሚታጠፈውን ስልክ "ተአምር ነው" አለ፤ ቀልድ የሚያወራውን ማቀዝቀዣ "ከአጎቴ ይሻላል" ብሎ ጻፈ፤ የቀሩትን ሦስቱን ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሰዳደብ ጨረሰ። አርባ ሰው ወደደለት፤ ለሚስቱ ሲነግራት አርባ ሺህ ሆነ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች መጡ። ልጁን ቤዛዊትን ለኪሩቤል ሊጠይቁ ነው፤ እሺ ሳይባሉ ደግሞ እንደ ወጉ አይቀመጡም።

"አቶ ድንበሩ፣ ልጃችንን እንዴት አገኙት?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ድንበሩ ኪሩቤልን ከልቡ ይወደዋል። ደረቱን ነፍቶ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባት ዝም ካለ እምቢ ማለቱ ነው። በጓዳው በር የቤዛዊት ፊት ሲገረጣ አየ።

ድንበሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየጎተተ አቀረበና "ተቀመጡ" አላቸው። ትእዛዝ አስተያየት አይደለም። ሽማግሌዎቹ ገባቸው፤ ተቀመጡ፤ መረቁ።

ሲሄዱ ወደ ልጁ ዞረ። "በወንበር ልጁን የዳረ የመጀመሪያው ሰው አባትሽ ነው።"

"እኔ እኮ፣ አባዬ፣ ስለ ኪሩቤል የምታስበውን ከአፍህ ልሰማ ፈልጌ ነበር" አለች ቤዛዊት። "ነገ ዜናውን ሳትከፍት ቀስቅሰኝ።"