የወፍ ማባረሪያዋ ሌዘር

ካፒቴን ሐስኒያር ከነዩኒፎርሟ ሩዝ ማሳው ውስጥ ገባች። አንዱን ጫማዋን ጭቃው ዋጠው፤ ዞራም አላየችው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ማማው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ብዕር የምታህል ሌዘር መዳፋቸው ላይ እያበሩ ይሞክራሉ።

«ዳዬንግ ሲላ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ምነው፣ በደህና?»

«ምን ደህና አለ! ትናንት በዚህ ሰዓት እሷን ሌዘር አውሮፕላኔ ላይ ያበሩት እርስዎ ነዎት። በኤርፖርቱ አጥር ሥር ያለው ማማ የእርስዎ ነው!»

«ይቺን? ይቺማ ለወፍ ናት! ሩዙ ፍሬ ከያዘ ወዲህ አላስቀምጥ አሉን። ደግሞስ ያን የሚያህል ብረት በባትሪ መብራት ይወድቃል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ደሟን አፈላው።

«ይሳቁ! ልናርፍ አንድ ደቂቃ ሲቀረን መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። ረዳቴ ፋጅሪን ‹አይታየኝም!› ብሎ ጮኸ። መሪው በእሱ እጅ ነበር። ባልነጥቀው ኖሮ መቶ ስድሳ ሰው እዚሁ ሩዝዎ ላይ ያልቅ ነበር! ልጁ ይኸው ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ተኝቷል። ዳግመኛ ይብረር አይብረር ሐኪሙም አያውቅም። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ይሰማሉ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ወይኔ! አላህ ያውቃል፣ ወፏን ተከትዬ ነው ቀና ያደረግኩት።» ከማማው ወርደው ሌዘሯን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

መንጭቃ ተቀበለቻቸው። ንዴቷ ግን አልበረደላትም።

«ግን ልጄ፣ የእኔ ብቻ ምን ይጠቅምሻል?» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ወፍ ለብቻ አይባረርም። አንዱ ዝም ካለ መንጋው እሱ ማሳ ላይ ይሰፍርበታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁላችንም እኩል ነው የምናበራው።»

«ሁላችሁም ማለት?»

ሳይመልሱላት ከማዶ ፉጨት ተሰማ። ከየማማው አረንጓዴ ጨረር ብድግ ብድግ አለ፤ አሥር፣ ሃያ፣ መቁጠሩን ተወችው። ከኋላዋ የሞተር ድምፅ መጣ። የምሽቱ በረራ ጎማውን አውርዶ፣ ዝቅ ብሎ እየመጣ ነው።

«አጥፉ! ኧረ በፈጠራችሁ አጥፉ!» እያለች ጭቃው ውስጥ ሮጠች። ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ ይጮኻሉ። ማን ይስማ! አንዱ ጨረር ወፎቹን ተከትሎ ሽቅብ ወጣና የአውሮፕላኑ መስታወት ላይ አረፈ።

አውሮፕላኑ ወደ ጎን ዘመም አለ። ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ማሳውን እያናወጠ በላያቸው አለፈ። ሩዙ ውስጥ የነበረ ወፍ ሁሉ ግር ብሎ ተነሥቶ ሸሸ።

ከየማማው ጭብጨባው ቀለጠ። «እሰይ!» አለ አንዱ፤ «ነገም እንዲህ ዝቅ ብሎ ይምጣልን!»