ዘይቱን የጠጣው

«ኡርፖ፣ ይቺ አሮጊት መኪና ዘይት እየጠጣች ልታሳብደኝ ነው!» አልኩት መካኒኩን።

«አታፈስም፣ አታጨስም! የት እንደምታስገባው ሰይጣን ይወቀው» አለ። «የሟች ወንድምህን የቬይኮን መኪና ሞተር ነቅለን እንግጠምላት፤ ዓይነታቸው አንድ ነው።»

የቬይኮ መኪና ከጎተራው ጀርባ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። መለዋወጫ በቸገረኝ ቁጥር ከእሷ እፈታለሁ፤ ጎማዋም ባትሪዋም የለም።

በዚያ የላፕላንድ ብርድ እየተራገምኩ አካፋ ይዤ ሄድኩ። ጣሪያዋ በበረዶ ተቀብሯል፤ ኮፈኑ ላይ ግን ብናኝ እንኳ የለም። ከፍቼ የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘዝኩ። ዘይቷ ሙሉ ነው፤ ትናንት የእኔዋ ላይ የጨመርኩት፣ እንደ ማር የጠራው።

«ቬይኮ! በቁምህ የዘረፍከኝ አይበቃህም?» ብዬ ሞተሩን በቡጢ ብመታው፣ ግለቱ እጄን ፈጀኝ።